ሁለተኛው ምስክር

መንግስትኣብ ሰውን የሚያውቀው ከጫማው ነበር። ትንሿ ጠረጴዛው ከመሥሪያ ቤታችን በር አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር ነበረች። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ስለሚጽፍ በፊቱ ከሚያልፈው ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነው። እኔ በነጭ ጫማዬ ስመጣ፣ ቀናም ሳይል ብዕሩንም ሳያነሳ፣ «ከመይ ሓዲርኪ ኣዜብ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ይለኛል። ጫማዋን የገዛኋት በመጀመሪያ ደመወዜ ነው። አጭር ታኮና ከጎኗ ትንሽ ዘለበት ነበራት፤ በሰፈራችን በእዳጋ ሓሙስ ሁለተኛ አልነበራትም። እናቴ ትበርህ «እንዲህ ከምትሳሺላት አዝለሻት ብትሄጂ ይሻላል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

እሱ እያልኩ የማወራው ከንቀት አይደለም። በእድሜ አባቴ ይሆን ነበር። ግን በሰፈራችን መንግስትኣብን አንቱ ያለው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ከሞተ በኋላ ብጀምር ያሾፍኩበት ይመስለኛል።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። የመንግሥት ነበር፤ እሱ ይበቃል። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የሚገባውን ማመልከቻ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማኅተም እመታበታለሁ፣ ወደ ኃላፊያችን እልካለሁ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ሆኗል። ውኃ የሚያስገባውም፣ ፈቃድ የሚያወጣውም፣ ልጁ የታሰረበትም መጀመሪያ አማርኛ የሚጽፍለት ሰው መፈለግ አለበት። ሰዉም ከየመንደሩ እየመጣ መንግስትኣብ ጠረጴዛ ፊት ይሰለፋል።

አሠራሩን ደጋግሜ ስላየሁት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብዕሩን አስቀምጦ ባለጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ያለቀሰ አልቅሶ፣ የተሳደበ ተሳድቦ ሲጨርስ ይጽፋል። ከዚያ የጻፈውን አማርኛ ቀስ እያለ በትግርኛ መልሶ ያነብለትና «ቃልካ ድዩ?» ይለዋል። ሰውዬው «እወ፣ ቃሌ ነው» ካላለ የቀለሙን ክዳን አይከፍትም፤ ካለ ግን አውራ ጣቱን ይዞ ያስፈርመዋል። ከባለጉዳዩ ቃል ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ማንም አማርኛውን ማንበብ በማይችልበት አገር እንደፈለገ መጻፍ ይችል ነበር እኮ! አላደረገውም። በዚህ ሁላችንም እናምነዋለን።

በሌላው ነገር ሁሉ ግን አናምነውም።

ምክንያቱ አማርኛው ነው። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው አማርኛ ጉሮሯችን ላይ ይይዘናል፤ የሱ እንደ ውኃ ይወርድ ነበር። ከየት አመጣው? ማንም አልጠየቀውም፤ ሁሉም ግን መልሱን የሚያውቅ ይመስል ነበር። ወታደሮች ቤት ሊፈትሹ ሲመጡ በሩን አንኳኩተው «ና አስተርጉም» እያሉ ይወስዱታል። እምቢ ማለት አይችልም፤ እኛስ ብንሆን ማን እምቢ ይል ነበር? ግን ሰው ደጁ ላይ ከወታደር ጋር ቆሞ ያየውን ሰው አይረሳውም። «ጆሮ» የሚል ስም አወጡለት። ሱቅ ሲገባ ወሬው ወዲያው ወደ ደመናና ወደ ጉንፋን ይዞራል። ሠርግ ይጠሩታል፤ አለመጥራት ነውር ነው። ድንኳን ውስጥ ግን በግራና በቀኙ አንዳንድ ወንበር ባዶ ይቀራል። እኔም ከነዚያ ወንበሮች አልፌ ሌላ ቦታ የተቀመጥኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ እንዲህ ኖረ።

ልጆቹ መምጣት የጀመሩት በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ነው። ከምጽዋ ጨው ጭነው ወደ ደሴ የሚወርዱት ማኪናዎች ባዶአቸውን ሲመለሱ፣ በሸራው ሥር የወሎ ልጆች ተቀምጠው ይመጡ ነበር። እናትም አባትም የላቸውም። ሾፌሮቹ የብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ መደበር ያወርዷቸዋል፤ እነሱም እዚያው በበርሜሎቹ መሃል፣ ቀጥቃጮቹ ሥራ ሲያቆሙ ከሚሞቀው አመድ አጠገብ ይተኛሉ። በሰኔ ወር ቁጥራቸው ሃያ ሦስት ደረሰ። በመሥሪያ ቤታችን ድርቅ የሚለውን ቃል የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ኃላፊያችን «ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ሕፃናት» ይሏቸው ነበር፤ ሽርሽር የወጡ ይመስል።

መጀመሪያ ያሰበላቸው ሰው ሐቢባ ናት። ሐቢባ ራሷ የወሎ ሰው ናት፤ መደበር መግቢያ ላይ ሻሂ ስትሸጥ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። የተረፈ ዳቦ ስታበላቸው ከርማ ክረምቱ ሲገባ ጨነቃት። በሰፈራችን አንድ ጣልያን ጥሎት የሄደ የጎማ መጋዘን ነበር። ጣራው ደህና ነው፣ በሩም ይዘጋል። መጋዘኑ ለልጆቹ መጠለያ እንዲሆን መንግሥትን ልትለምን ቆረጠችና ልጆቹን ሁሉ እንደ ጫጩት አስከትላ ወደ መንግስትኣብ ጠረጴዛ መጣች።

በመስኮት አየኋቸው። እያንዳንዱን ልጅ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን እየጠየቀ ይጽፋል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ቀድሪያ የምትባል ልጅ ዘንድ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። መጻፍ ከጀመረ በኋላ ብዕሩ ሲቆም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መነጽሩን አወለቀ። የተባባሉትን ሐቢባ ነገረችኝ፤ እናትሽስ ሲላት «እማዬ መንገድ ላይ ተኝታ ቀረች» አለችው። መነጽሩን ሲያወልቅ ጊዜ ደግሞ የደከመው መስሏት እጁን ነካ አድርጋ «አብሽሩ አባባ» አለችው። አይዞዎት ማለት ነው በነሱ አነጋገር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሞታለች፤ የምታጽናናው ግን እሱን ነው።

ማመልከቻው ደረሰኝ፣ ቁጥር ሰጠሁት። ኃላፊያችን «የአካባቢው ሕዝብ አስተያየት ይጠየቅ» ብለው ጻፉበት። እሳቸው የሚኖሩት ከቪላዎቹ ሰፈር፣ ጥራቮሎ ነው፤ መጋዘኑ በሳቸው መንገድ ላይ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ መጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተናገረው ጡረታ የወጣው ሾፌር አስገዶም ነው። አስገዶም ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ማለት አለብኝ። «በሁለት ክፍል ውስጥ የወንድሜን ልጆች ጨምሬ አሥራ አንድ ሆነን ነው የምናድረው» አለ። «መንደራቸው የተቃጠለ ዕለት ለነሱ መጋዘን የከፈተላቸው አለ? ማን ጠየቃቸው?»  ከመካከላችን ወታደር መንደሩን ያቃጠለበት ዘመድ ቤቱ ያልገባ አልነበረም።

ሐቢባ በተሰባበረ ትግርኛዋ «እነዚህ ልጆች ምን አቃጠሉ?» አለች።

«ምንም» አለ አስገዶም። «እነሱ ምንም አላደረጉም፤ እኔስ ልጅ የለኝም እንዴ?»

እናቴ ስለ ውኃ ተናገረች፤ አሁንም ቧንቧው ጋ የምንሰለፈው ከጎህ በፊት ነው አለች። ሌላው ስለ ተስቦ አነሳ። ነገሩን የቆረጠው ግን ከኋላ የመጣ ድምፅ ነው፤ «የመንግሥት መጠለያ ከሆነ የመንግሥት ዘብ ይቆምበታል። ወታደር በገዛ እጃችን ሰፈራችን ውስጥ እንትከል?» ከዚያ በኋላ ለልጆቹ የሚከራከር ጠፋ። ሐቢባ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። መንግስትኣብ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሁሉንም ሰማ። አንተስ ምን ትላለህ ያለው የለም።

በማግስቱ ከሥራ መልስ አምስት ሆነን ቤቱ ሄድን፤ የሰፈሩን ተቃውሞ የሚጽፍልን ሌላ ሰው ስለሌለ። አስገዶም አለ፣ እናቴ ሕምባሻ በሰፌድ ይዛለች፣ እኔ ሻሂ በፔርሙዝ ተሸክሜያለሁ። መንግስትኣብ በሩን ሲከፍት ወታደር መስሎት ኮቱን በአንድ እጁ አጥልቆ ነበር። እኛ መሆናችንን ሲያይ ኮቱን መልበሱንም ማውለቁንም ረሳው። አንድ ወንበር ነው ያለው። ብርድ ልብሱን ከአልጋው አንስቶ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ይላል፤ ስኒ ፍለጋ አንዴ ወደ መደርደሪያው፣ አንዴ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። ሁለት ብርጭቆ ብቻ አገኘ። በየተራ ጠጣን።

አስገዶም «ኣያ መንግስትኣብ» አለው። ንስኹም፣ አንቱ አለው። ለካ ያን ቀን አንቱ ያለው ሰው ነበረ፤ ጉዳይ ስለነበረን።

ነገሩን አስረዱት። እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው ሰማ። አንድ ጊዜ አፉን ከፈት አድርጎ የሆነ ነገር ሊል ሲል አየሁት፤ ወዲያው እናቴ ሕምባሻውን ቆርሳ እጁ ላይ አኖረችለት፣ ተወው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላም ሰዎቹ አልተነሱም። አስገዶም በጣልያን ጊዜ ስለነዳት ፍሬን ስለሌላት ማኪና አወራ፤ ቁልቁለቱን እንዴት እንደጸለየ በእጁ እያሳየ። መንግስትኣብ ሳቀ። ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኘን፤ ስዞር አሁንም ቆሟል።

ማመልከቻው ረቡዕ ደረሰኝ። እንደሱ ያለ ማመልከቻ በዚያ መዝገብ ቤት ገብቶ አያውቅም። መንደር ተቃጠለ ተብሎ አይጻፍም፤ ያሳስራል። እሱ ግን መንገድ ፈልጎለታል፤ «ቤታቸውን ያጡ የወንድሞቻችን ልጆች ዛሬም ከኛ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ስለሚያድሩ፣ የሌላውን ልጅ ከማስጠጋታችን በፊት የራሳችንን እንድናነሳ ይፈቀድልን።» የወታደሩንም ፍራቻ ወታደር የሚለውን ቃል ሳይጠራ ጽፎታል። ሰፈሩ በልቡ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በንጉሡ ቋንቋ ተናገረ። ሥሩ ላይ ስልሳ አንድ ጣት አለ፤ አንዱ የእናቴ ነው።

ተናደድኩ። የሐቢባን ማመልከቻ አወጣሁና አጠገብ ለአጠገብ ዘረጋኋቸው፤ ያው እጅ፣ ያው ቀለም። ለምሳ ስወጣ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ኣያ መንግስትኣብ፣ ይህን እንዴት ጻፍከው?»

«ቃላቸው ነው።»

«ቃላቸው ቢሆንስ? ትንሽ አልፈስፍሰህ ብትጽፈው ማን ያውቅብህ ነበር? ማን ያነበዋል?»

«አንቺ ታነቢዋለሽ» አለ። ደግሞ ነጭ ጫማዬን እያየ «ሰዎቹ ቤቴ መጥተው ነበር፣ ኣዜብ» አለኝ።

ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

ኃላፊያችን በሦስት ቀን ወሰኑ። ሌላ ጊዜ አንዲት የቧንቧ ፈቃድ ሦስት ወር ትቀመጣለች። ልጆቹ ከተማ ውስጥ ባይታዩ ለሳቸውም ደስታ ነው፤ አሁን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ አይሆንም ብሏል። መጋዘኑ አይሰጥም፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ሐሙስ በማኪና ወደ መጡበት ይመለሱ። አንድ ነገር ብቻ ተፈቀደ። በኃላፊነት ልጅ የሚወስድ ነዋሪ ካለ፣ በሰፈሩ አምስት ዓመት የኖሩ ሁለት ምስክሮች ጠባዩን መስክረውለት ከፈረሙ፣ ያ ልጅ ይቀራል። ሐቢባ ሁለት ወንድሞችን በወሎ ነጋዴዎች ምስክርነት ወሰደች፤ ክፍሏ የቁም ሣጥን ያክላል። ሌላ ልጅ የወሰደ የለም። ሃያ አንድ ቀሩ።

መንግስትኣብ የእናቴን ሰፌድ አጥቦ መለሰ። እናቴ በሩ ላይ ተቀበለችው፤ ግባ አላለችውም። ሱቅ ሲገባ ወሬው ወደ ደመና ዞረ። ሁሉም እንደነበረ ሆነ።

ሰኞ ዕለት በየቤቱ መዞር ጀመረ። በእጁ ወረቀት ይዟል፤ ቀድሪያን ልወስድ ነው፣ ሁለት ምስክር እፈልጋለሁ ይላል። በዚያ ሰፈር እሱ ያልጻፈለት ቤት አልነበረም። የታሰረ ልጃቸውን ያስፈታላቸው አሉ፣ የሞተ ባላቸውን ጡረታ ያስከበረላቸው አሉ። በሩን ሁሉ አንኳኳ። አንዱ መነጽሬ ጠፋብኝ አለው። አንዷ ባሌ ይምጣ አለችው፤ ባሏ ውስጥ ነበር። አስገዶም እንኳ ደፍሮ እውነቱን ነገረው፤ «መንግስትኣብ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ካንተ ስም ጎን ስሜ ከተገኘ ጫካ ያሉት ምን ይሉኛል?» ኣያም የለ፣ ንስኹምም የለ።

አንደኛው መስመር ላይ የፈረመችው ሐቢባ ናት። ጠየቅኳት፣ እንዴት ቻልሽ ብዬ። «ወላሂ ተቀይሜው ነበር» አለችኝ። «ሦስት ቀን ሻሂ ከልክዬዋለሁ። ግን ልጅቷን የሚወስድ ሰው ሲመጣ ቂሜን ልቁጠር?» ለካ መንግስትኣብ ማክሰኞ ቀድሪያ ሳትሰማ ለአልጋ የሚሆን ጣውላ ከመደበር ገዝቶ ነበር። ለልጅቷ ግን ሐቢባ ቀድማ ነግራታለች። «አባባ ሊወስዱኝ ነው» እያለች ፀጉሯን ለሴቶቹ ሁሉ እየሰጠች ስታሠራ ዋለች።

አንድ ምስክር ቀረ፤ የወሎ ነጋዴዎቹ ለማያውቁት ሰው አንፈርምም ብለዋል።

ረቡዕ ማምሻውን፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም በራችን ተንኳኳ። በግቢው በኩል ሲመጣ በመስኮት አይተነዋል። እናቴ ወደኔ ዞረች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ ግማሽ ጆሮ ነው የሚሉሽ አሁንም» አለችኝ በሹክሹክታ። «አጎትሽ ያለው ጫካ ያሉት በሚመላለሱበት ገጠር ነው። ልጄ፣ እንዳታደርጊው።» ምን ይበቃኝ ነበር? «ኣይፋል፣ አይሆንም እማዬ፣ እፈርማለሁ» ማለት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ በመሥሪያ ቤት ማንንም የማይፈራ። ተነስቼ ከአልጋው መጋረጃ ኋላ ገባሁ።

እናቴ በሩን ከፈት አደረገች። «ኣዜብ የላን» አለችው። «ጥራቮሎ ከይዳ።» የለችም፣ ጥራቮሎ ሄዳለች።

 «እስክትመጣ ልጠብቃት?» አላት።

«ትመሻለች።»

«ደሓን» አለ። «የቐንየለይ፣ ትበርህ።» አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ዝናቡ መጣ። ቶሎ አልሄደም፤ ደፉ ላይ አንድ ነገር ሲያንቀሳቅስ ሰማሁ፣ ከዚያ እርምጃው ራቀ። እናቴና እኔ እራት አልበላንም። 

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጀመሪያ የገባው ባለጉዳይ እሱ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ከደጅ ሲጽፍ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀበለኝ። በራሱ ስም የጻፈው ማመልከቻ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አነበብኩት።

«እኔ አመልካቹ ጣልያን በገባበት ዓመት መንገድ ሠራተኛ የነበረውን አባቴን ተከትዬ ደሴ ወረድኩ። አባቴ እዚያው በንዳድ ሞተብኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አገሩን አላውቅም፣ ቋንቋውንም አላውቅም። ሙቀት ፍለጋ ዳቦ መጋገሪያ ግድግዳ ሥር ስተኛ አንዲት ሴት አነሱኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁም የምመልስበት አፍ አልነበረኝም። አምስት ዓመት አሳደጉኝ። የምጽፍበት አማርኛ የሳቸው ነው። ዛሬ ቀድሪያ የተባለችውን ሕፃን እንዳሳድግ ይፈቀድልኝ ዘንድ አመለክታለሁ።»

ከሸዋ ተልኮ ነው ስንል የኖርነው አማርኛ ይህ ነበር። ስንት ዓመት አብረነው ስንኖር አንድ ሰው እንኳ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከየት ተማርከው አላለውም።

ሥሩ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። በአንዱ ላይ የሐቢባ ጣት አለ። ሁለተኛው ባዶ ነው።

ብዕሩ እጄ ውስጥ ነበር። ማኪናዎቹ የሚነሱት በአምስት ሰዓት ነው። መዝገብ ቤት ያለ ሠራተኛ በሚቀበለው ወረቀት ላይ ምስክር አይሆንም የሚል ደንብ ነበር። እውነት ነው፣ ነበር። ትናንት ማታ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ከመጋረጃ ኋላ የደበቀኝ ግን ደንቡ አልነበረም። ቀና ብዬ ሳላየው «ምስክር ይጎድለዋል» አልኩት። ማኅተሙን አነሳሁ፤ አልተሟላም የሚለውን። መታሁበት። ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ ጮኸ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ እንዴት በወደድኩ! ወደ በሩ ሄደና የተረሳ ነገር እንደታወሰው ሰው ዞረ።

«ትናንት ዝናቡን ንፋሱ ወደ በራችሁ ነበር የሚያመጣው» አለኝ። «ጫማሽን ከደፉ ላይ ወደ ግድግዳው አስጠግቼልሻለሁ። እርጥበት ካገኘው ቆዳው ይሰነጠቃል።»

በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ ያለውን የማውቀው ከሐቢባ ነው። ማኪናዎቹ ቆመውበት ወደነበረው ወደ መደበር ሄደ። ቀድሪያ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሐቢባ የሰጠቻትን ቀሚስ ለብሳ፣ ከሌሎቹ ተለይታ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት፤ ማንበብ ለማትችል ልጅ። እንደ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር ያነበበው። ለምን እንደማይወስዳት ስትጠይቀው ባዶውን መስመር በጣቱ አሳያት። ሸራው ሲከደን ከውስጥ «አብሽሩ አባባ» አለችው፤ ደግማ ደግማ፣ ማኪናው እስኪርቅ። የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ለአልጋዋ የገዛው ጣውላ እሱ እስኪሞት ድረስ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነጩን ጫማ ለማድረግ አቅም አጣሁ። የእናቴን ጥቁር ጫማ አጠለቅኩና፣ ሰፍቶኝ እየተንሸራተተ፣ በጠረጴዛው ፊት አለፍኩ። ይጽፍ ነበር። ማን እንደሆንኩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ቀና አላለም፤ «ከመይ ሓዲርኪ»ም አላለኝም።